ለኀዘን እድር አለን፤ ለደስታስ?



በየሰፈራችን እድር አለ። በየወሩ እናዋጣለን፤ የዘገየ ይቀጣል። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው በእድሩ ቤት ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቃል። ለዓመታት ኀዘን ያልገባበት ቤት እንኳ ያዋጣውን ገንዘብ «ባከነብኝ» አይልም። ኀዘን አንድ ቀን እንደሚመጣ ስለምናውቅ አስቀድመን እንዘጋጅለታለን። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ጥበብ ነው።

ደስታ ግን እንዲህ ያለ መዋጮ የለውም። ለደስታ የሚወጣ ገንዘብ ወይ በድንገት ይወጣል፣ ወይ በብድር ይወጣል፣ ወይም ጨርሶ አይወጣም። በአማኝ ቤት ደግሞ በዚህ ላይ የጥፋተኝነት ስሜት ይጨመርበታል። ልጆቹን ይዞ ላንጋኖ ደርሶ የተመለሰ ወንድም በእሑድ ጉባኤ «የት ጠፋህ?» ሲባል «ትንሽ ጉዳይ ነበረኝ» ብሎ ያልፋል። ስለ ጾሙ በግልጽ ይናገራል፤ ከቤተሰቡ ጋር ስለ መደሰቱ ግን ያፍራል።

ዛሬ ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ቁጠባና ደስታ ጠላቶች አይደሉም። የእግዚአብሔርን ቃል በጥንቃቄ ስናነብ፣ ደስታ ራሱ አስቀድሞ የሚታሰብለትና የሚቆጠብለት ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

ሁለት ቤቶች

በመካከላችን ሁለት ዓይነት ቤት አለ።

አንደኛው የቆጣቢው ቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የ10/90፣ የ20/80 እና የ40/60 የቤቶች ምዝገባ ሲካሄድ ብዙ ወገኖቻችን ተመዝግበዋል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በየወሩ ሳያቋርጡ ባንክ ያስገቡ አሉ። አንዳንዶቹ ዕጣ ወጥቶላቸው ገብተዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሌሎች ግን ከ10 ዓመት በላይ ጠብቀውም አልደረሳቸውም። ታግሠው መቆጠባቸውን እናከብራለን። የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። በ2005 የ6 ዓመት ሕፃን የነበረ ልጅ በ2017 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞልቶታል። ለእርሱ ተብሎ የተቆጠበለት ቤት ሳይመጣ ልጅነቱ አለቀ። «ቤታችን ስንገባ» እየተባለ የተላለፈው ጉዞ፣ የተላለፈው የልደት ቀን፣ የተላለፈው የቤተሰብ ሳቅ አብሮ አለፈ። ቤቱ ነገ ሊመጣ ይችላል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ግን አይመለስም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህን ቤት ያውቁታል። በሪያድ፣ በዱባይ፣ በቤይሩት ደመወዟን ሁሉ ወደ ቤተሰቧ የምትልክ፣ ለራሷ ግን አንድ ጫማ ለመግዛት ሦስት ወር የምታስብ እህት አለች። በዋሽንግተን አካባቢ ሁለት ሥራ ይዞ፣ ከልጆቹ ጋር በስልክ ብቻ የሚገናኝ አባት አለ። ከድካማቸው በስተጀርባ ያለው ፍቅር እውነተኛ ነው። ሆኖም «በቃ፣ ይህ ለዛሬ ይበቃል» የሚላቸው ሰው የላቸውም።

ሁለተኛው ቤት ሌላ ነው። በዚህ ቤት ሰርግ በብድር ይደገሳል። ለቬሎው፣ ለዲኮሩ፣ ለመኪናው አጀብ የወጣው ዕዳ ከጫጉላው በኋላ ለዓመታት ከሙሽሮቹ ጋር ይኖራል። ሰርግ ደስታ መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያው የትዳር ጠብ ምክንያት ይሆናል። «ለምን አልቆጠባችሁም?» ቢባሉ «ጌታ ይሰጣል» ይላሉ። ጌታ ስለ ጭንቀት ያስተማረውን ትምህርት (ማቴ. 6፥25-34) ለግዴለሽነት መሸፈኛ ያደርጉታል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን የአባቶች ምክር ግን ረስተውታል።

ሁለቱ ቤቶች የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፤ ፍርሃት ነው። የመጀመሪያው ቤት ነገን ይፈራል። ሁለተኛው ቤት ይሉኝታን ይፈራል። በሁለቱም ቤት ገንዘብ የሚታዘዘው ለፍርሃት ነው እንጂ ለእግዚአብሔር አይደለም።

በእጅ የተቋጠረ የደስታ ገንዘብ

በዘዳግም 14፥22-29 ላይ ብዙ ጊዜ በፍጥነት የምናልፈው ሥርዓት አለ። ስለ አሥራት ስንሰብክ ሚልክያስን እናነሣለን፤ ይህን ግን እምብዛም አናነሣውም። እስራኤላዊው በየዓመቱ ከእርሻው ፍሬ አሥራቱን ለይቶ፣ እግዚአብሔር ወደ መረጠው ስፍራ ይዞ ሄዶ፣ በዚያ በእግዚአብሔር ፊት እንዲበላው ታዝዟል። መንገዱ ከራቀበት እህሉን ሸጦ ገንዘቡን ይይዛል። እናቶቻችን በነጠላቸው ጫፍ ብር ቋጥረው ገበያ እንደሚወርዱ ማለት ነው። እዚያ ሲደርስም ነፍሱ የወደደችውን ይገዛል፤ በሬውም፣ በጉም፣ ሌላውም። የመጠጡን ጉዳይ ለሌላ ጊዜ እናቆየውና፣ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከቤተሰቡ ጋር በልቶ ደስ እንዲለው ታዝዟል።

እስኪ ይህን ልብ እንበለው። ይህ ገንዘብ የተረፈ ገንዘብ አልነበረም፤ አስቀድሞ የተለየ ነበር። በድንገት የወጣ ወጪ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ የታሰበበት ነበር። በስውር የተበላም አልነበረም፤ በእግዚአብሔር ፊት የተበላ ነበር። በአጭሩ፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የደስታ እድር አቋቁሞላቸው ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

ሥርዓቱ ግን በዚህ አያበቃም። በከተማው ያለው ሌዋዊ እንዳይረሳ ያሳስባል። በየሦስተኛው ዓመት ደግሞ የዚያ ዓመት አሥራት በከተማው በር ይቀመጥና ሌዋዊው፣ መጻተኛው፣ ድሀ አደጉና መበለቲቱ በልተው ይጠግባሉ። የቤተሰብ ደስታና የድሀው ጥጋብ በአንድ ሕግ፣ ጎን ለጎን ተጽፈዋል።

እኛ በጸጋ እንጂ በዚያ ሥርዓት ሥር እንዳልሆንን እናውቃለን። የሰጪው ልብ ግን አልተለወጠም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ባለጠጎች ሲጽፍ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ያስቀምጣል። እግዚአብሔር ሁሉን አትረፍርፎ የሚሰጠን ደስ እንዲለን እንደ ሆነ ይናገርና፣ ወዲያው ለማካፈል የተዘጋጁ እንዲሆኑ ያዛል (1ጢሞ. 6፥17-18)።

ዮሴፍንም እናንሣ። በግብፅ ሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እንዲቀመጥ የተመከረው ከምርቱ አምስተኛው እጅ ነበር (ዘፍ. 41፥34)። ከአምስቱ አንዱ ማለት ነው። ሰባት ዓመት ራብ ይመጣል ተብሎ በእርግጠኝነት በተነገረበት ዘመን እንኳ ምርቱ ሁሉ ጎተራ አልገባም። ራቡ ሲመጣም ዮሴፍ ጎተራውን ከፈተ (ዘፍ. 41፥56)። የዮሴፍ ቁጠባ መጠን ነበረው፣ ዓላማ ነበረው፣ የሚከፈትበትም ቀን ነበረው።

ጌታችንስ? አምስቱን ሺህ ባበላበት ቀን ሁሉም የፈለጉትን ያህል በልተው ጠገቡ። ከጠገቡ በኋላ ቁርስራሹ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ (ዮሐ. 6፥11-13)። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ መስክ ላይ፣ ያልተሰሰተ ማዕድና ያልባከነ ፍርፋሪ አብረው ታዩ። ቁርስራሹ እንዳይጠፋ ያሰበው ጌታ ሕዝቡን በግማሽ ሆድ አላሰናበተም።

መቆጠብ ወይስ ማከማቸት?

በሉቃስ 12፥16-21 ያለው ባለጠጋ ብዙ ጊዜ የቁጠባ ተቃዋሚዎች ጥቅስ ይሆናል። ነገር ግን ሰውየው የተወቀሰው ጎተራ ስለ ነበረው አይደለም፤ ዮሴፍም ጎተራ ነበረው። የባለጠጋውን ንግግር ስታነብቡ «የእኔ» የሚለው ሐሳብ ሁሉንም ሞልቶት ታገኛላችሁ፤ ፍሬዬ፣ ጎተራዬ፣ በረከቴ። በንግግሩ ውስጥ እግዚአብሔር የለም፤ ጎረቤትም የለም። ሌላም ነገር አለ። ደስታውን ጎተራው ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ አስተላልፎት ነበር፤ በዚያች ሌሊት ግን ነፍሱ ተፈለገች። መክብብም ሀብት ተሰጥቶት ሊበላው ያልቻለን፣ ሌላ ሰው የበላበትን ሰው እንደ ክፉ ደዌ ይቆጥረዋል (መክ. 6፥1-2)።

ጆን ዌስሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ገንዘብ አጠቃቀም በሰበከው የታወቀ ስብከት፣ አማኝ በቅንነት የሚችለውን ያህል እንዲያገኝ፣ እንዲቆጥብና እንዲሰጥ አስተምሯል። ቁጠባ ሲል ግን በሣጥን መከዘን ማለቱ አልነበረም፤ አለማባከን ማለቱ ነበር። የቁጠባውም መጨረሻ መስጠት ነበር። ዌስሊ በኑሮው ጥብቅ ስለ ነበረ ለመዝናናት ብዙ ቦታ አልሰጠም፤ በዚህ ከእርሱ ጋር ሙሉ በሙሉ አንስማማ ይሆናል። ቢሆንም መድረሻ የሌለው ቁጠባ ቁጠባ አለመሆኑን ከእርሱ እንማራለን።

ስለዚህ ልዩነቱን በቀላሉ መለየት ይቻላል። ለቁጠባችን «ለምንድን ነው? እስከ ስንት? መቼ ይከፈታል?» የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች እናቅርብለት። መልስ ካለው ቁጠባ ነው። መልሱ ሁልጊዜ «ለክፉ ቀን»፣ «ትንሽ ይጨመርበት»፣ «ገና ነው» ከሆነ ማከማቸት ሆኗል፤ የተደገፍነውም በእርሱ ላይ ሊሆን ይችላል።

«ብሩ እየቀለጠ ለምን እንቆጥባለን?»

ይህን ጥያቄ በተለይ ከወጣቶች እንሰማለን፤ ንቀን የምናልፈውም አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በወጣበት ጊዜ፣ ለቁጠባ የሚከፈለው ዝቅተኛ የባንክ ወለድ 7 በመቶ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ቢያገኝ፣ በ10,000 ብር ይገዛ የነበረውን ዕቃ ለመግዛት 13,000 ብር ያስፈልገው ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቆጠበ ሰው ተሞኘሁ ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከዚህ «እንግዲያው እንብላው» ወደሚል ድምዳሜ መዝለል ስሕተት ነው። ልጅ በሌሊት ሲታመም ሐኪም ቤቱ ስለ ዋጋ ንረት አይጠይቅም፤ ገንዘብ ይጠይቃል። ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ወጪ የሚሆን ገንዘብ፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ በቅርብ መኖሩ ከልመናና ከአራጣ ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ተኝቶ ከሚቀልጥ ሥራ ቢይዝ ይሻላል። የልብስ ስፌት መኪና፣ የሙያ ትምህርት፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ድርሻ ሊሆን ይችላል። እቁብ የምንጥልም እናስላው። 20 ሰዎች በየወሩ 2,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 40,000 ብር ነው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም የሚወስዱት ያው 40,000 ነው፤ የመጨረሻው ግን ከ20 ወር በኋላ የሚገዛበት ገንዘብ ያነሰ ነው። ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ያለው ሰው አስቀድሞ ተነጋግሮ ቀደም ያለ ዕጣ ቢይዝ ብልህነት ነው።

የዋጋ ንረት አንድ መንፈሳዊ ትምህርትም ይሰጠናል። ገንዘብ ተስፋ የሚጣልበት ጽኑ ነገር አለመሆኑን ጳውሎስ ከጻፈው በኋላ በገበያችን በዓይናችን አይተነዋል። በባንክ ያለውን ብር ንረቱ ይቀንሰዋል፤ አባትና ልጅ በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል አብረው የበሉትን ዓሣ ግን ሊቀንሰው አይችልም።

ድሆች እያሉ እንዴት ደስ ይለናል?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ይህ ነው። በጌታ ፊትም ተነሥቶ ነበር። አንዲት ሴት የዓመት ደመወዝ ያህል የሚያወጣ፣ ከ300 ዲናር በላይ የሚሸጥ ሽቱ ስታፈስስ፣ «ለድሆች በተሰጠ ነበር» ብለው የተቆጡ ነበሩ (ማር. 14፥3-9)። ዮሐንስ ከተናገሩት አንዱ የገንዘብ ከረጢቱ ያዥ ይሁዳ እንደ ነበረና ለድሆች ተጨንቆ እንዳልተናገረ ይነግረናል (ዮሐ. 12፥4-6)። የቁጠባ ንግግር ሁሉ ከርኅራኄ የሚወጣ አይደለም። ጌታ ሴቲቱን አልወቀሳትም፤ ድሆችንም አልረሳም፤ መልካም ልናደርግላቸው በወደድን ጊዜ ሁሉ እንደምንችል አሳሰበ።

ይህ ግን ለተንደላቀቀ ኑሮ ፈቃድ አይደለም። መለኪያው በዘዳግም ያየነው ማዕድ ነው። ደስታችን እየሰፋ ሲሄድ ስጦታችን እየጠበበ ከሄደ፣ የያዝነው ያ ደስታ አይደለም። በልደት ቀን ጎረቤት ያለችው የመበለቲቱ ልጅ ከተጋበዘች፣ በጉዞው መኪና ውስጥ አባቱ የሞተበት ልጅ ቦታ ካገኘ፣ ደስታው በእግዚአብሔር ፊት የሚበላ ማዕድ ሆኗል።

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ የሚቆጥበው ነገር አለው ማለትም አይደለም። በቀን ሥራ የሚያድር ወንድም፣ ደመወዟ ከቤት ኪራይ የማያልፍ እህት አሉ። ለእነርሱ ስለ ቁጠባ ትምህርት መስጠት ሸክም መጨመር ነው። እነርሱ በዚህ ነገር ተማሪዎች ሳይሆኑ የማዕዱ ተጋባዦች ናቸው፤ ጥያቄውም የሚመለሰው ወደ እኛ፣ ወደ ጉባኤው ነው።

ምን እናድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ ባልና ሚስት ይነጋገሩ። በብዙ ቤት አንዱ ቆጣቢ፣ አንዱ አውጪ ነው፤ እርስ በርስ «ንፉግ» እና «አባካኝ» እየተባባሉ ይኖራሉ። ምናልባት እግዚአብሔር ሁለቱን ያጋባቸው አንዱ የሌላውን ፍርሃት እንዲፈውስ ይሆናል። አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን ዘግተው፣ ጸልየው፣ ወረቀት ይዘው ይቀመጡ።

በወረቀቱ ላይ ከአሥራቱ፣ ከኪራዩ፣ ከአስቤዛው፣ ከትምህርት ቤቱና ከቁጠባው ቀጥሎ አንድ መስመር ይጨመር፦ የደስታ ቋጠሮ። ትንሽ ይሁን። በወር 300 ብር ለብቻው ቢቀመጥ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። ከቁጠባው አይነካም፣ በብድርም አይሞላም። ሲበላም ያለ ጥፋተኝነት ይበላል፤ ለዚሁ ተለይቷልና። ከዚሁ ላይ አንድ ድርሻ ከቤተሰቡ ውጭ ላለ ሰው ይታሰብ። ምን ላይ እንደሚውልም ልጆች ይጠየቁ። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ውድ ነገር አይደለም፤ እናትና አባታቸው ሳይቸኩሉ አብረዋቸው የሚውሉበትን ቀን ነው።

ምንም ወጪ የማይጠይቀውንም ደስታ አንናቅ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ስልኩ ተዘግቶ የሚጠጣ ቡና፣ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ጨዋታው ሳይቋረጥ። ሦስተኛውን ስኒ «በረካ» ያሉት ወላጆቻችን ለመባረክ ጊዜ መስጠት እንደሚያስፈልግ ገብቷቸው ነበር።

አገልጋዮቻችንንም እንለምናለን። ስለ መስጠት በተደጋጋሚ አስተምራችሁናል፤ እናመሰግናለን። እንዴት እንደሚቆጠብ፣ በእግዚአብሔር ፊትም እንዴት ደስ እንደሚሰኝ ደግሞ አስተምሩን። ሊጋቡ የተዘጋጁ ወጣቶች የጋብቻ ትምህርት ሲወስዱ ስለ ሰርጉ ወጪ በግልጽ ይነገራቸው። በዕዳ ያልተደገሰ አነስተኛ ሰርግ ሲደረግ ጉባኤው ያክብረው እንጂ አይማው።

እድራችንን አንተወውም። የኀዘን ቀን ይመጣል፤ ድንኳኑም ያስፈልጋል። ነገር ግን በዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ስለ ሄደው ወገናችን ስንጨዋወት፣ ልጆቹ የሚያስታውሱት የባንክ ደብተሩን ብቻ እንዳይሆን እንጸልያለን። አብሯቸው የሳቀበትን፣ አብሯቸው የቆረሰበትን፣ እንግዳ ጠርቶ ጌታን ያመሰገነበትን ቀንም ያስታውሱ።

የሰጠን ጌታ የምንቆጥብበትን ጥበብ፣ የምንከፍትበትን ድፍረት፣ የምናካፍልበትን ልብ ይስጠን። አሜን።